የፖይ እንቅስቃሴዎች ስያሜ

ፖይ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች በገመድ ጫፍ የታሰረ ኳስ በዜማ እያሽከረከሩ የሚጨፍሩበት ጥበብ ነው። ኳሱ በድሮ ጊዜ ራውፖ ከተባለው የረግረግ ተክል ቅጠል ይሠራ ነበር። ማኦሪዎች አጭር ገመድ ያለውን ፖይ ፖቶ፣ ረጅሙን ፖይ ሮአ ይሉታል።

በእሳትና በመብራት ፖይ የሚያሽከረክሩ የሌላ አገር ተጫዋቾች ደግሞ ለእንቅስቃሴዎቻቸው ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ቅጽል ስሞች አሏቸው። እነዚህን ከማኦሪው ቅርስ ጋር መቀላቀል አይገባም። እጆች ደረት ፊት ተጠጋግተው ኳሶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ «ቢራቢሮ» ይባላል። ኳሶቹ ከጎን ወደ ጎን እየተሻገሩ ሲዞሩ «ሽመና» ነው፤ ይህም ባለ 2፣ ባለ 3፣ ባለ 5 ምት እየተባለ በምቱ ይለያል። በባለ 3 ምቱ እያንዳንዱ ኳስ በአንድ ጎን 2 ጊዜ፣ በሌላው 1 ጊዜ ይዞራል፤ ጀማሪን የሚያስቸግረውም ይኸው አለመመጣጠን ነው።

ከሁሉ ገላጩ ስም «አበባ» ነው። ክንድ ትልቅ ክብ ሲሠራ ኳሱ በዙሪያው ቅጠል መሰል ቀለበቶችን ይስላል። ኳሱ ከክንዱ በተቃራኒ ከዞረ ቀለበቶቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ አብሮት ከዞረ ወደ ውስጥ ይገባሉ። «ስቶል» የሚባለው ኳሱ ለቅጽበት ቆሞ አቅጣጫ የሚቀይርበት ነው።