አያቶቻችን ስለ ጓያ የነገሩን፣ ስለ ጥንቸል ያልነገሩን

አያቴ በወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሰው ናቸው። «ከብቱ አሽትቶ የተወውን አንተም ተወው» ይሉን ነበር። ያ ደንብ ለሣርና ለገለባ ዘመን በቂ ነበር። ጓሮው ግን ተለውጧል።

ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው። በገበሬው ዘንድ እየተስፋፋ የሄደው ግን ከብት በበሽታ አልቆ እህል በጠፋበት በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ረኃብን ያስታገሠው ይህ ተክል ቅጠሉ መርዝ አለው፤ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው ድንችም እንዲሁ። ዘመዱ ቲማቲምም ቅጠሉና ግንዱ ለእንስሳ አይሆንም።

ወሎ ምግብና መርዝ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያወቀው ግን በጓያ ነው። ጓያ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይተርፋል። ለወራት ብቻውን ሲበላ ግን እግር ይይዛል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ሰበብ ሽባ ሆኗል። አያቴ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት እንኳ ይይዛል ብለው ይሰጉ ነበር። እንፋሎቱ አይጎዳም፤ ፍርሃቱ ግን በሰው ጉልበት የተገዛ ዕውቀት ነበር።

ጥንቸል ለዚህ ሁሉ እንግዳ ናት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ስለሚቆጥራት የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ አይበላትም፤ እኛ ቤት የገባችውም የልጆች ጓደኛ ሆና ነው። ልጆቹ የሽንኩርት ቅጠል ይዘው ሲሮጡላት አስቆማቸዋለሁ። የአያቴ ደንብ ለእሷ አይበቃም፤ ጥንቸል ማስመለስ አትችልምና የዋጠችው ክፉ ነገር በመጣበት አይመለስም። እንደ በግም አራት ክፍል ያለው ሆድ የላትም። ሣሩ የሚብላላው በአንጀቷ ውስጥ ነው፤ ያመለጣትን ጥቅም ለማግኘትም ለስላሳውን በጠጥ መልሳ ትበላዋለች።

ስለዚህ ዋና ቀለቧ ሣርና ድርቆሽ ነው። በዚያ ላይ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠልና ጥቂት የሐበሻ ጎመን ይጨመርላታል። ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆዷን ይነፋል። የካሮቱ ሥር ስኳር ስላለው ቁራጭ ይበቃታል። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳሉ፤ አቮካዶ፣ ጥሬ ባቄላና የድንች ቅጠል ደጇ አይድረሱ። ጓያንም አልሰጣትም።

አያቶቻችን የጓያን ጠባይ ለእኛ አስተላልፈዋል፤ የአዲሶቹን አትክልቶች ጠባይ ማስተላለፍ የእኛ ተራ ነው። አዲስ ዘር ስናስገባ ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ እንጠይቃለን። ቅጠሉ ማንን እንደሚጎዳም በዚያው ቀን እንጠይቅ፤ መልሱንም ለልጆቻችን እንንገር።