ገብስማዋ የታቀፈችበት ታኅሣሥ

ወዳጆቼ፣ ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የአንዲት ዶሮንና የ21 ቀንን ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ቁጥሩ ሲጠሩት ያጥራል፣ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ግን ይረዝማል።

ያደግሁት ጅሩ ነው። ሰንጋው የሚወደስበት፣ በክረምት ዋልካው እግር ይዞ አልለቅም የሚልበት፣ ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ውርጭ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት የሚያስመስልበት ደጋ ነው። የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ ፈንግል መጣ። ፈንግልን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ በደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጧት አንገቷ ተጠማዞ ትገኛለች፣ ከዚያ የጎረቤት ዶሮ ትከተላለች፣ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ አውራ ዶሮ የማይጮህበት ሆነና ሰው ሌሊቱ የቱ ጋ እንደደረሰ እንኳ ጠፋው። ከአያቴ ደጅ የተረፈችው አንዲት ገብስማ ብቻ ነበረች።

ገብስማዋ ክረምቱን እንደምንም ገፍታ፣ ከአውድማው ጥራጊ ለቅማ፣ ኅዳር ላይ እንቁላል መጣል ጀመረች፤ ጥላ ጥላም ታኅሣሥ እንደገባ አንድ ቀን ከመደቡ ሥር ካለው ጭዷ አልነሳም አለች። እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ በጉሮሮዋ ታጉረመርማለች፣ የደረቷን ላባ በምንቃሯ እየነቀለች ገላዋን ታራቁታለች፤ ሙቀቷ በቀጥታ እንቁላሉን እንዲያገኘው ነው። መታቀፍ አምሯታል። ግን ምኑን ትታቀፍ? አውራ በሌለበት የተጣለ እንቁላል ዓመት ቢታቀፉት ጫጩት አይወጣውም።

ጎረቤታችን መጡና «ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪያት፣ እንቢ ካለች እግሯን አስረሽ ዘቅዝቂያት፤ ትተወውና ወደ እንቁላሏ ትመለስልሻለች» አሉ። በክፋት አልነበረም። የታቀፈች ዶሮ ጫጩቶቿን እስክታሳድግ 3 ወር ያህል እንቁላል አትሰጥም፤ ለእኛ ዓይነቱ ቤት ደግሞ እንቁላል ማለት ጨው ነው፣ ላምባ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። አያቴ ዶሮዋን ትክ ብላ አየቻትና «ወገኗ ሁሉ አልቆ ብቻዋን የቀረች ናት፤ እናት ልሁን ብትል እኔ ነኝ የምከለክላት?» አለች።

በማግስቱ ለማቆያ ሁለት የራሷን እንቁላል ከሥሯ ትተንላት ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። የአያቴ ታናሽ እህት የምትኖረው ከገደሉ በታች፣ ወደ ጀማ ወንዝ በሚያወርደው ቆላ ነበር፤ ፈንግሉም እዚያ አልደረሰም ተብሏል። ውርጩ ከእግራችን ሥር ሲንኮሻኮሽ ሜዳውን አቋርጠን፣ ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሰን፣ ከዚያ በቀጭኗ የፍየል መንገድ ድንጋይ እየያዝን ቁልቁል ወረድን፤ በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ ሄደና አያቴ መጀመሪያ ጋቢዋን፣ ቀጥሎ ነጠላዋን አውልቃ እኔን አሸከመችኝ። ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። እህቷ «እታለም!» ብላ ሮጣ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ወሬው፣ ለቅሶው፣ ቡናው አልቆ ስለ እንቁላል የተነሳው ከመሸ በኋላ ነበር።

እንቁላል ሲመረጥ ያን ጊዜ አየሁ። ከተጣለ ሳምንት ያለፈው ይቀራል፣ ድቡልቡሉና ትንሹ ይቀራል፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀው ይቀራል። የቆሸሸውን ልጠብ ብል እጄን ያዙኝ፤ እንቁላል ከእናቱ ሲወጣ ለብሶት የሚመጣው ስስ መከላከያ አለ፣ ካጠቡት ይገፈፍና ተውሳክ ይገባዋል። 13 ተመረጠ፤ ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ክንፍ ከዚያ በላይ አይበቃም። በቅርጫት፣ በጤፍ ጭድ መሐል ተደረደረ። እህቷ ገንዘብ አልጠየቀችም። «ከወጣልሽ አንዲት ቄብ ታመጪልኛለሽ» አለች፣ አያቴም ራሷን ነቀነቀች።

ዳገቱን ስንወጣ አያቴ ቅርጫቱን በደረቷ አቅፋ እንደ አራስ ትራመድ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላሸከመችኝም። ቤት ስንገባ ወዲያው ታስታቅፋለች ብዬ ስጠብቅ ቅርጫቱን ቀዝቀዝ ያለ ጥግ አስቀምጣ «መንገድ ያናወጠው ነገር ይረፍ» አለች። በማግስቱ ማታ፣ ቤቱ ጨለም ሲል፣ የማቆያዎቹን ሁለቱን አውጥታ 13ቱን አንድ ላይ ከሥሯ አስገባች። አንድ ላይ የሆነው አንድ ቀን እንዲፈለፈሉ ነው። ገብስማዋም አንድ በአንድ በምንቃሯ ወደ ሆዷ ሳበቻቸውና ተደላደለች።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። በቀን አንድ ጊዜ ትነሳለች፣ ጥቂት ጥሬ ትለቅማለች፣ ከገሉ ውሃ ትጠጣለች፣ አመድ ላይ ተንከባልላ ቅማሏን ታራግፋለች፣ ከዚያ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ሌሊት ስነቃ እንቁላል ከእንቁላል ሲነካካ እሰማለሁ፤ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ እያገላበጠችው ነው። በ7ኛው ሌሊት አያቴ ኩራዝ አብርታ እያንዳንዱን በመዳፏ ከልላ ከብርሃኑ ፊት ያዘች፤ በ11ዱ ውስጥ ቀያይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ታዩ፣ 2ቱ ባዶ ነበሩና ወጡ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን አይደል? ለልጅም፣ ለተቸገረም፣ ለቸኮለም እንላለን። እኔ ግን ያን ታኅሣሥ ካየሁ ወዲህ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የምትታወሰኝ ያልተጠራችው ናት። እንቁላሉማ መች ሄደ? ደረቷን አራቁታ፣ ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ እስኪቆጠር የተቀመጠችለት ነበረች እንጂ። ዛሬ በመብራት የሚፈለፍል መሣሪያ አለ፣ የ45 ቀን ጫጩትም በየወረዳው ይከፋፈላል፤ ብዙ ቤት እንቁላል አገኘበትና ደስ ይለኛል። ብዙ እንዲጥሉ ተመርጠው የተዳቀሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ግን መታቀፍን ትተውታል ማለት ይቻላል። ይህን ሳስብ ያቺ ገብስማ ትናፍቀኛለች።

በ20ኛው ቀን ማታ አያቴ ጆሮዬን አስጠጋችኝ። ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ አለ፤ እናቲቱም በዝግታ ትመልስለታለች። ሲነጋ መሰንጠቅ ጀመሩ፣ እርጥብ እርጥብ ሆነው ወጡ፣ ከክንፏ ሥር ደርቀው ቢጫና ቡናማ ሆኑ። ምግብ አልተሰጣቸውም፤ ከመውጣታቸው በፊት የዋጡት አስኳል 2 ቀን ያህል ያቆያቸዋል፣ እሷም የመጨረሻው እስኪወጣ አትነሳም። አንዱ ግን ቅርፊቱን በስቶ ቆየ። ረፋድ ሆነ፣ አሁንም እዚያው ነው። አያቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አላስቻለኝም፤ በጥፍሬ ላጥ ላጥ አደረግሁለት፣ ከዚያ ደም አየሁ። ከቅርፊቱ በታች ያለው የደም ሥር ገና አልደረቀም ነበር። እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ተነፈሰና ቆመ።

አያቴ ተመልሳ አየችኝ፣ እንስራዋን አወረደች፣ አልተቆጣችም። ከአጠገቤ ተቀምጣ «እሱ ሥራውን እየሠራ ነበር» አለችና ጫጩቱን ከእጄ ወስዳ በጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮ ቀበረችው። ወዳጆቼ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

9 ወጡ፤ አንዱ በቅርፊቱ ውስጥ ቀረ። በ3ኛው ቀን ገብስማዋ ወደ ፀሐይ አወጣቻቸው፣ አያቴ ጤፍ በተነችላቸው፣ እናቲቱ ግን ራሷ ሳትቀምስ እየጫረች ትጠራቸዋለች። ጭልፊት 2 ወሰደ፣ አንዱን ሽለምጥማጥ፣ አንዱን ብርድ። 5 አደጉ፤ 3ቱ ቄብ፣ 2ቱ አውራ። አንድ ሌሊትም ከአውራዎቹ አንዱ ባልበሰለ ጉሮሮ ጮኸና ጎረቤታችን በጨለማው ከቤታቸው ሆነው እልል አሉ።

ጥቅምት ላይ፣ ዋልካው ሲደርቅ፣ ያቺን መንገድ እንደገና ወረድን። ቄቧን በነጠላ ተጠቅልላ በደረቴ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን ጊዜ አያቴ ፈቀደችልኝ። የአያቴ እህት በር ላይ ተቀበለችን፣ ቄቧን ከእጄ ወሰደች፣ መዳፏን ከደረቷ ሥር አስገብታ ልቧን አዳመጠች። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ውስጥ ገብታ ከምድጃው ጥግ ጭድ ታነጥፍላት ጀመር።