በውጭ አገር የኪራይ መኪና መንዳት ሲያስፈራ

በአዲስ አበባ ለዓመታት ነድተዋል። መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ዓባይ በረሃን በክረምት ያልፋሉ። ሆኖም ለእህትዎ ሠርግ እንግሊዝ አገር ሄደው የኪራይ መኪና ቁልፍ ሲሰጥዎ መዳፍዎን ያልብዎታል፣ ልብዎ ይደልቃል፣ አፍዎ ይደርቃል። ከጉዞው ሳምንታት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የሚያጡም አሉ። ይህ ፍርሃት በጣም የተለመደ ነው፤ በራሱም በሽታ አይደለም። ነገር ግን በአግባቡ ካልተያዘ ጉዞን ያበላሻል፤ አንዳንዴም ሰዎች ለማረጋጋት ብለው የሚወስዱት ነገር ከፍርሃቱ የበለጠ አደጋ ያመጣል።

እዚህ ላይ በብዛት የምናነሣው በቀኝ መንዳት ለምዶ በግራ ወደሚነዳበት አገር የሚሄድን ሰው ነው። በኢትዮጵያ፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአብዛኛው አውሮፓ የሚነዳው በቀኝ ነው። በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ደግሞ በግራ ነው። ኢትዮጵያም ራሷ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር። ስዊድን በ1959 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ ስትቀይር የአገሩ ሹፌር ሁሉ በማግስቱ በአዲሱ በኩል ነድቷል። አእምሮ ይህን መማር ይችላል።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

በለመዱት መንገድ ሲነዱ አብዛኛውን ሥራ እጅና እግርዎ ሳያስቡት ይሠሩታል። ማርሽ ሲቀይሩ ስለ ሠርጉ እያወሩ ነው። በማያውቁት አገር ግን እያንዳንዱ ነገር ማሰብን ይጠይቃል፦ ምልክቱ፣ የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ የመስታወቱ ቦታ፣ የጂፒኤሱ ድምፅ። አእምሮ ከመጠን በላይ ሲጫንበት «አደጋ አለ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፣ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውነትዎ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

ችግሩ የሚከፋው ሽሽት ሲጀመር ነው። ቁልፉን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ወዲያው እፎይታ ይሰማዎታል። አእምሮም «የዳንኩት ስላልነዳሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ በርትቶ ይመጣል።

ታካሚዎችን «በትክክል የሚያስፈራዎ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አደጋ አይደለም። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው፦ መኪናው ቢጫር ምን ያህል ያስከፍሉኛል? ወይም ኀፍረት ነው፦ ከኋላ ያለው ሰው ጥሩምባ ቢነፋብኝስ? ቤተሰቤ ፊት ብሳሳትስ? ፖሊስ ቢያስቆመኝስ? ስለዚህ ፍርሃትዎን በወረቀት ላይ ይጻፉት። ግማሹ በስልክ ጥያቄ ወይም በኢንሹራንስ የሚፈታ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከመነሣትዎ በፊት

መጀመሪያ መኪናው በእርግጥ ያስፈልግዎ እንደሆነ ይወስኑ። ለሦስት ቀን ለንደን ውስጥ ብቻ የሚቆዩ ከሆነ ባቡርና አውቶቡስ ይበቃዎታል፤ ይህን መምረጥ ሽሽት አይደለም። ወደ ገጠር ወይም ወደ ስኮትላንድ ተራሮች መሄድ ከፈለጉ ግን መኪና ይጠቅማል።

ሲከራዩ አውቶማቲክ መኪና አስቀድመው ይጠይቁ። በአውሮፓ በካምቢዮ የሚነዱ መኪኖች አሁንም ብዙ ናቸው፤ መሪው በቀኝ ሲሆን ማርሹን በግራ እጅዎ መቀየር ይኖርብዎታል። የፍሪሲዮን፣ የፍሬንና የነዳጅ መስጫው ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። ትንሽ መኪና ይምረጡ። የእንግሊዝ የገጠር መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ትልቅ መኪና በነፃ እንስጥዎ ቢሉዎትም እምቢ ማለት ይሻላል። ጉዳት ቢደርስ ከኪስዎ የሚወጣው ከፍተኛው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ሳይፈርሙ ይጠይቁ። መኪናውን ሲረከቡም ዙሪያውን በስልክዎ ይቅረጹ። ይህ የሕክምና ምክር ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን የገንዘቡን ሥጋት የሚያቃልል ክኒን የለም።

በጣም አስፈላጊው ምክር ይህ ነው፦ ረጅም በረራ እንደጨረሱ መኪና አይንዱ። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰው ንቃታቸው በደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለ ሰው ይዳከማል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በርረው ጠዋት ለንደን ቢገቡ በዚህ ሁኔታ ላይ ነዎት። በባቡር ወይም በታክሲ ማረፊያዎ ይድረሱ፣ ይተኙ፣ መኪናውን በማግስቱ ይረከቡ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በቀላሉ ይደነግጣልና የፍርሃቱ ግማሽ ድካም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ በደረጃ መልመድ

ለፍርሃት የሚሰጠው ዋናው ሕክምና የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደጋግሞ ማድረግ ነው። ለኪራይ መኪና ይህ እንዲህ ይሆናል። መኪናውን እንደተረከቡ አይነሡ፤ ቆሞ ሳለ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቀመጡበት። ስፖኪዮውን ያስተካክሉ፣ ፍሬቻውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ መብራቱንና የእጅ ፍሬኑን ይሞክሩ። ቀጥሎ ጸጥ ባለ ሰፈር ውስጥ አንድን ዙር አምስት ስድስት ጊዜ ይንዱ። ልብዎ በመጀመሪያው ዙር ይመታል፣ በአራተኛው ይሰለቻል። መሰልቸቱን ነው የምንፈልገው። ከዚያ ወደ አደባባይ፣ ከዚያ ወደ ፈጣን መንገድ ይሂዱ። አንድ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ቢያንስ በግማሽ ሳይቀንስ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አቋርጠው ላለመውጣትም ይሞክሩ።

መሪው በቀኝ ባለ መኪና በግራ ሲነዱ አንድ መመሪያ ይበቃዎታል፦ ሹፌሩ ምንጊዜም ወደ መንገዱ መሐል የቀረበ ነው። ራስዎን ከእግረኛ መንገዱ ጋር ካገኙት ተሳስተዋል። አዲስ ሰው ሳያውቀው ወደ ግራ ይጠጋል፤ በቆሙ መኪኖች ስፖኪዮ የሚጫሩት ለዚህ ነው። አደባባይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። የፍጥነት ምልክቱ በማይል ነው፤ 30 ማይል ማለት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መብራት ቀይ ሲሆን ወደ የትም አይታጠፍም።

ስህተት የሚፈጠረው ግን ሰው እንደሚያስበው ጭንቅንቅ ባለ ትራፊክ ውስጥ ብቻ አይደለም። እዚያ የፊተኛውን መኪና ይከተላሉ። አደገኛው ባዶ መንገድ ነው፦ ከነዳጅ ማደያ ሲወጡ፣ ከምሳ በኋላ፣ በማለዳ ሌላ መኪና ሳይኖር። የቆየው ልማድ የሚመለሰው ፍርሃቱ ለቆ ዘና ሲሉ ነው። ስለዚህ «ግራ» ብለው በትልቁ ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉ፤ በሦስተኛውም ቀን አያንሡት።

ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ የመንገዱ አቅጣጫ ያው ነው፤ የሚያስጨንቀው ደንቡ ነው። በአራቱም በኩል የማቆሚያ ምልክት ባለበት መስቀለኛ መንገድ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ያልፋል። በአብዛኛው ቦታ ሙሉ በሙሉ ቆመው በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍ ይቻላል፤ በኒው ዮርክ ከተማ ግን የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ አይቻልም። ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያብለጨልጭ መቆም ግዴታ ነው። ፖሊስ ቢያስቆምዎ ከመኪናው አይውረዱ፤ እጅዎን መሪው ላይ እንዲታይ አድርገው ይጠብቁ። እኛ አገር ወርዶ ሰላም ማለት ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን ሥጋት ይፈጥራል።

ተሳፋሪው ሁሉ ረዳት ሆኖ «ዞር በል! ቅደመው!» የሚል ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ። አቅጣጫ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

መሪ ይዘው ሳለ ፍርሃቱ ሲበረታ

አንዳንድ ጊዜ ፍርሃቱ በድንገት ይወጣል፦ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጣትና ከንፈር ይቆጠቁጣል። ሐኪሞች ፓኒክ አታክ የምንለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። መቆጥቆጡ የሚመጣው በፍጥነት ሲተነፍሱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው «መሪ እንደያዝኩ ራሴን ብስትስ?» የሚለውን ነው። ራስን መሳት በብዛት የሚከሰተው የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ነው፤ በፍርሃት ጊዜ ግን ግፊቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ በፓኒክ አታክ ራስን መሳት እምብዛም አይታይም።

ዓይንዎን ከመንገዱ ሳያነሡ መሪውን የጨበጡበትን እጅ ላላ፣ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫዎ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ዋናው በዝግታ ማስወጣቱ ነው። ፍሬን በድንገት አይርገጡ። ፍጥነትዎን በመጠኑ ቀንሰው ወደ ዝግተኛው መስመር ይግቡ፤ ይህ በእንግሊዝ የግራው፣ በአሜሪካ የቀኙ ነው። በሚቀጥለው መውጫ ይውጡና ደህና ቦታ ላይ ያቁሙ። የፈጣን መንገድ ዳር ላይ መቆም ለእውነተኛ ድንገተኛ ችግር ብቻ ነው። ሲረጋጉ ጥቂትም ቢሆን ነድተው ይቀጥሉ።

ከዚህ ይልቅ የደረት ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ፍርሃት ነው ብለው አይለፉት። መኪናውን አቁመው በእንግሊዝ 999፣ በአሜሪካ 911 ይደውሉ።

የስኳር ሕመምተኞች ልዩ ጥንቃቄ

ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት የደም ስኳር ሲወርድም ይታያሉ፤ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከመንዳትዎ በፊትና በየሁለት ሰዓቱ ይለኩ። በእንግሊዝ በሚሠራበት መመሪያ መሠረት ልኬቱ ከ90 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ይመገባሉ፤ ከ70 ገደማ በታች ከሆነ አይነዱም፤ ወደ ጤናማ መጠን ከተመለሰም በኋላ 45 ደቂቃ ይጠብቃሉ። የስኳር ሕመም የሌለበት ሰውም በጾም ባዶ ሆድ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ ቢነሣ ልቡ ቢመታ አይገርምም።

ለማረጋጋት የሚወሰዱ ነገሮች

ዳያዜፓም፣ አልፕራዞላምና ሎራዜፓም ፍርሃትን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ያንቀላፋሉ፣ ውሳኔን ያዘገያሉ። እነዚህን ወስደው አይንዱ። ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የጨመረልዎ «የእንቅልፍ ብቻ ነው» የተባለ ክኒን ውጤት እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶችም ያደክማሉ። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያቀዘቅዛል፣ አያንቀላፋም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የስኳር መውረድ ምልክቶችንም ይሸፍናል። ሐኪም ካዘዘልዎ መጀመሪያ ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት እንጂ በሚነዱበት ቀን አይጀምሩት። ለድፍረት አንድ ብርጭቆ መጠጣት የባሰ ነው። ጫትም ንቃትን የሚጨምር ቢመስልም እረፍት የለሽ ያደርጋል፤ በእንግሊዝና በአሜሪካም ሕገ ወጥ ነው።

ሐኪም መቼ ያማክሩ?

ፍርሃቱ በአገርዎም መንዳት ካስተወዎት፣ ፓኒክ አታኩ ከመኪና ውጪም የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ ቀደም በእውነት ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ሳይነዱ በፊት ይመርመሩ። ከመኪና አደጋ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ቅዠትና የአደጋው ምስል የሚመላለስብዎትም እንዲሁ። ሐኪሙ የታይሮይድ ዕጢ መብዛትንና የልብ ምት ችግርን ይፈትሻል፤ እነዚህም ልብን ያስመታሉ። ለፍርሃቱ የአስተሳሰብና የባሕሪ ሕክምና ውጤታማ ነው። በአዲስ አበባ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የሥነ አእምሮ ክፍል ባላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች ባለሙያ ያገኛሉ። ሕክምናው ሳምንታት ስለሚወስድ ቲኬት እንደቆረጡ ቀጠሮ ይያዙ፤ የሚሄዱበትን ቀን፣ አገርና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።