የተጫዋቹ እጅ በዓለሙ ላይ

ተጫዋች ወደ ወደደው አቅጣጫ በሚዘዋወርባቸው ሰፋፊ የኮምፒውተር ጨዋታ ዓለማት ውስጥ የሚሠራው ምግባር ዓለሙን በእውነት ይለውጠው እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን ከነጋዴዎች ማስታወቂያ ይልቅ ከጥበቡ ታሪክ ቢፈልግ ይበጀዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቻርድ ጋሪዮት በ1985 ያወጣው አራተኛው «አልቲማ» ስምንት ትሩፋቶችን ደንግጎ፣ ለዕውሯ ዕፅ ሻጭ ዋጋ አጉድሎ የከፈለውን ተጫዋች በደሉን በስውር ይመዘግብበት ነበር፤ ይሁን እንጂ ኀጢአቱ የሚጻፈው በሠሪው ላይ እንጂ በምድሪቱ ላይ አልነበረም። በ1997 ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት «አልቲማ ኦንላይን» ሲዘጋጅ ግን፣ ሣር በሎች እንስሳት በሣሩ፣ ሥጋ በሎች አራዊትም በእነርሱ የሚኖሩበት፣ ፍጥረቱ እርስ በርሱ የተሳሰረ ምድር ለማቆም ታላቅ ድካም ተደክሞ ነበር። ተጫዋቾቹ እንስሳቱን ከሚተኩበት ፍጥነት በላይ ፈጇቸውና ሥርዐቱ ተሻረ፤ የሰው እጅ ዓለሙን በእርግጥ ለውጦት ነበር፣ ለውጡ ጥፋት ስለ ሆነ ግን ሠሪዎቹ ሊታገሡት አልቻሉም።

ቤተስዳ የተባለው ድርጅት በ2002 ባወጣው «ሞሮዊንድ» ይህ ትዕግሥት ተገኘ። ተጫዋቹ ለታሪኩ ፍጻሜ የግድ የሚያስፈልገውን ሰው ቢገድል፣ የትንቢቱ ክር መበጠሱን የሚያስታውቅ ጽሑፍ ይወጣለታል፤ ቀድሞ ወዳስቀመጠው ጨዋታ ይመለስ ወይም በገዛ እጁ ለጥፋት በዳረገው ዓለም ይኑር ዘንድ ለፈቃዱ ይተውለታል እንጂ፣ ሰይፉን ከሰገባው ሳይመዝ እጁን የሚይዘው የለም። ነፃ ፈቃድ ማለት ይህ ነው፤ የማይጠገን ነገር ለመስበር ያልተፈቀደለት ሰው፣ የሠራው መልካም ነገር እንኳ የራሱ ነው ለማለት ይቸግራል።

በ2006 «ኦብሊቪየን» ሲከተል ዋና ዋናዎቹ ሰዎች የማይሞቱ ሆኑ፤ ቢመቱ ወድቀው ጥቂት ቆይተው ይነሣሉ። ሠሪዎቹ ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ቀድሞ በየቦታቸው ቆመው ይውሉ የነበሩት ሰዎች አሁን እንደየሰዓቱ የሚበሉ፣ የሚተኙ፣ መንገድ የሚወጡ ስለ ሆኑ፣ ተጫዋቹ ሳያውቅ አውሬ በጎዳና ሊጨርሳቸው ይችል ነበር። በ2011 የወጣው «ስካይሪም»ም በእርስ በርስ ጦርነቱ የከተማውን ገዢ ይለውጣል፤ የገበያውና የመንደሩ ኑሮ ግን ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ ይቀጥላል።

በሌላ በኩል፣ ኦብሲዲያን የተባለው ድርጅት በ2010 የሠራው «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» የየከተማውንና የየወገኑን ዕጣ እንደ ተጫዋቹ ሥራ እየለየ በሥዕልና በትረካ ይነግረዋል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው በሁቨር ግድብ ከሚደረገው ጦርነት በኋላ ነውና ጨዋታው በዚያው ያበቃል፤ ተጫዋቹ የለወጠውን ምድር ይሰማል እንጂ አይረግጠውም።

ስለዚህ ብያኔዬ ለ«ሞሮዊንድ» ነው። ሌሎቹ በስፋትና በውበት ይበልጡት ይሆናል፤ ተጫዋቹ በሠራው ጥፋት ውስጥ እንዲኖር በመተው ግን ከጠቀስኋቸው መካከል የሚተካከለው የለም።