ፋብሪካው ሲሸጥ መደብሩ የማን ነው?

የአልኮል መጠጥን በሚመለከት መንግሥታት ከሦስት መንገዶች አንዱን ሲከተሉ ኖረዋል፤ ፈጽመው ይከለክሉታል፣ በእጃቸው ይይዙታል፣ አለዚያም ለነጋዴው ትተው ቀረጡን ይሰበስባሉ። በሶማሌላንድ መጠጥ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ሐርጌሳ የመጀመሪያውን መንገድ ይዛለች። ከቶጎ ውጫሌ ማዶ ያለችው ኢትዮጵያ ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በየተራ ሞክራለች። የሁለተኛው መንገድ ታሪክ ምን እንደነበረና ምን እንዳስተማረ መመርመር፣ ወደፊት ለሚመጣውም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንቱ ሥርዓት ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ጠላው ግን በየቤቱ ይጠመቃል። ከተሞች ሲስፋፉ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኑ። በ1922 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደግሞ የወይን ጠጅና የአረቄ ፋብሪካዎች ሥራቸውን አስፋፉ። ጉደር የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው በአምቦ አቅራቢያ ካለችው ከጉደር ነው።

የ1974ቱ አብዮት ሁሉንም ለወጠ። በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 26/1967 ዋና ዋና የማምረቻ ድርጅቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የመጠጥ ፋብሪካዎችም አልቀሩም። ስለሆነም ሶሻሊዝምን የሚሰብከው መንግሥት ራሱ ቢራ ጠማቂ፣ ወይን ጨማቂና ጂን አውጪ ሆነ። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት፣ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ጂንና ኡዞ በየከተማው ጠረጴዛ ላይ የመንግሥት ሸቀጥ ሆነው ቀረቡ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መንግሥት ፋብሪካውን ቢወርስም መደብሩን በብቸኝነት አልያዘም። ጠርሙሱ ለጠጪው የሚደርሰው በግሮሰሪው፣ በቡና ቤቱና በሆቴሉ በኩል ነበር። የአርሲ ነገሌውን የመሰለ በየቤቱ የሚወጣው አረቄማ ከፋብሪካውም ከቁጥጥሩም ውጭ ነበር። መንግሥት አምራች እንጂ ባለ ሱቅ አልነበረም፤ ገቢው እንጂ የጠጪው ልክ የእሱ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

በ1990ዎቹ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የማዛወር ሥራ ሲጀመር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1998 ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተሸጠ። በ2011 የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች ለሄይነከን፣ በ2012 ሜታ አቦ ለዲያጂዮ ተላለፉ። አዋሽ ወይን ጠጅም በ2013 ኤይት ማይልስ በተባለው የመዋዕለ ንዋይ ፈንድና በኢትዮጵያዊ ባለሀብት እጅ ገባ። ግዙፍ ገንዘብ ተገኘ፤ ማስታወቂያውና ፉክክሩም በዚያው ልክ ጎላ።

የስዊድን ታሪክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒውን ያሳያል። የጎተንበርግ ከተማ በ1865 የአረቄ ንግዱን ለአንድ ኩባንያ ስትሰጥ ዓላማዋ ትርፉ ለግለሰብ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ነበር፤ ሻጩ ብዙ በመሸጥ የማይከብር ከሆነ ሰውን ለማስከር አይጓጓም ከሚል እምነት የመነጨ አሠራር ነው። በ1955 የመጠጥ ራሽን ደብተር ተሽሮ አካባቢያዊ ኩባንያዎቹ ሲስተምቦላጌት በተባለ አንድ የመንግሥት ድርጅት ተጠቃለሉ። መደብሮቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ ዕድሜው 20 ላልሞላው አይሸጡም፤ ብዙ ለሚገዛም ዋጋ አይቀንሱም። አብሶሉት ቮድካን የሚያመርተውን ቪን ኦክ ስፕሪት የተባለ ድርጅት መንግሥት በ2008 ለፈረንሳዩ ፔርኖ ሪካር ሲሸጥ፣ መደብሩን ግን አልሸጠም። ስዊድን ፋብሪካውን ሸጣ መደብሩን ጠበቀች፤ ኢትዮጵያ ግን ፋብሪካዎቿን ስትሸጥ የምትጠብቀው መደብር አልነበራትም።

ይህ ማለት የስዊድኑ መደብር ከፈተና ነጻ ነው ማለት አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1997 ሕጋዊነቱን ቢያጸናለትም፣ ከሰኔ 2025 ጀምሮ አነስተኛ አምራቾች በግቢያቸው ለጎብኚ በመጠኑ እንዲሸጡ ተፈቅዷል። ፊንላንድም በ2024 እስከ 8 በመቶ አልኮል ያላቸውን እንደ ቢራ ያሉ እርሾ መጠጦች ለምግብ ሱቆች ፈቅዳለች። የመደብሩ ግድግዳ በአንድ ቀን ባይፈርስም ጡብ በጡብ ሊነሳ ይችላል።

ኢትዮጵያም ክፍተቱን በሕግ ለመሙላት ሞክራለች። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥንም ከለከለ። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ከተሸጡና ልማዱ ከሰፋ በኋላ መምጣቱ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚያሰኝ ነው። በስዊድን ዕድሜ የሚጠይቀው ደመወዝተኛ ሻጭ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ያንኑ ጥያቄ እንዲጠይቅ የሚጠበቀው ከሽያጩ የሚያድረው ባለ ግሮሰሪ ነው።

ጉዳዩ ለሐርጌሳ ነዋሪም ባዕድ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት በየመንገዱ በግልጽ ይሸጣል፤ ቀረጡም ለመንግሥት ይገባል። ሸቀጡ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከሕዝብ ሱስ ገቢ የሚያገኝ መንግሥት ሱሱ እንዲቀንስ ከልቡ ሊሠራ ይችላልን? የጎተንበርግ ሰዎች የሰጡት መልስ ሻጩን ከትርፉ መለየት ነበር። የመንግሥት የመጠጥ መደብር የወደፊት ዕድልም የሚመዘነው ስንት ጠርሙስ ሸጠ በሚለው ሳይሆን፣ ለማን አልሸጥም አለ በሚለው ነው።