የልጆቹን ስም



በ1980ዎቹ መጨረሻ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ የቃኘው ዘማች ሻምበል ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬ ነበር። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወርዶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ አንድም አልተማረከም።

እኔ የጠየቅኋቸው ስለ ቀንና ስለ ኮረብታ ቁጥር ብቻ ነበር። «ልጄ፣ የልጆቹን ስም ጻፍልኝ እንጂ» ሲሉኝ፣ «እሺ ጋሼ፣ ካሴቱ እያለቀ ነው፤ በሚቀጥለው» አልኳቸው። በሚቀጥለው ስሄድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ደረስኩ።

አምና ቹንቾን ሄጄ፣ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የተመረቀውን ሐውልት አየሁ። እሳቸው የተዋጉበት የፖርክ ቾፕ አካባቢ ግን ዛሬም ከጦር ነፃ በተባለው ቀጠና ነው፤ እንደልብ አይገባም። ሐውልቱ ሥር ቁጭ ብዬ ቅጂውን በስልኬ ከፈትኩት። «በሚቀጥለው» የምትለዋን የራሴን ድምፅ መስማት ከበደኝ።

ከመካከላችሁ የቃኘው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ፣ ቤት ያለውን ፎቶ ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ፤ ቅጂውን ለታሪክ ትምህርት ክፍላችን ስጡልን። ዘማቹ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ። ቀኑ መጽሐፍ ላይ አለ፤ እናንተ ስም ጠይቁ።