የፊደላችን ቅርጽና የመጻፊያ መሣሪያዎቹ

የጽሕፈት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በብራናና በመጻሕፍት ነው። መሣሪያዎች በፊደል ላይ ያሳረፉት ጫናም ከታሪኩ የሚወጣ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የግዕዝ ፊደል ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒዩተር ያለፈበትን መንገድ ተመልክተን፣ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የቀረውን ችግር እናሳያለን።

የመጀመሪያው ችግር የቍጥር ነበር። 33ቱ ሆሄያት በ7ቱ ድምፆች ሲዘረዘሩ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ እንደ ኰና ጐ ያሉት ዲቃላ ሆሄያት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ከዚህ ይበልጣሉ። ለላቲን ፊደል የተሠራው የጽሕፈት መኪና ግን 100 ያህል ምልክት እንኳ አይሸከምም። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የተከተሉት መፍትሔ ሆሄውን ከቅጥያው መለየት ነበር፤ «ለ» ከተመታ በኋላ ጭረት ሲታከልበት «ሉ» ይሆናል። ዘዴው ለካዕብና ለሣልስ በአመዛኙ ይስማማል። ራብዕና ሳድስ ግን የሆሄውን አካል ራሱን ይለውጣሉ፤ የ«ረ» ዘርም ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ር እያለ ለአንድ ደንብ አይገዛም። ስለዚህ ጭረቱ ከሆሄው ርቆ ወይም ተዛብቶ ይታይ ነበር። «ፊደሉ ይቀነስ» ለሚለው ክርክርም አንዱ መነሻ ይኸው የመሣሪያ ጥበት ነበር።

ኮምፒዩተር የሆሄያቱን ሙሉ ቅርጽ መለሰ፤ ነገር ግን ሌላ ችግር አመጣ። እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለሆሄያቱ የራሱን የቍጥር መለያ ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ይህን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ለ345 የግዕዝ ፊደል ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ መለያ ሰጠ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ እንደ ጉራጌኛና ጉሙዝኛ ላሉ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ።

ከዚህ ወዲህ የቀረው ጕድለት በአብዛኛው የጸሓፊው ነው። አራት ነጥብን በሁለት የላቲን ሁለት ነጥቦች የሚተካ ጸሓፊ ለዓይን እንጂ ለመሣሪያው አራት ነጥብ አልጻፈም። ከዚህ የሚከብደው የሞክሼ ሆሄያት ነገር ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ ቀጥሎም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ስለሚችል፣ የ«ኸ»ን ዘር ሳንቈጥር 12 መልክ ይኖረዋል። አንባቢ ሁሉንም አንድ ቃል ይላቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን 12 ቃላት ያደርጋቸዋል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ቢፈልግ፣ በሌሎቹ የተጻፉት ምስክሮች ሁሉ ያመልጡታል።

መድኃኒቱ ግን ሞክሼዎቹን መሰረዝ አይደለም። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ፈጸመ ማለት ነው፤ ልዩነቱን የያዘው ሆሄው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርወ ቃሉን የጠበቀው አጻጻፍ ዋና መግቢያ ይሁን፤ ሌሎቹ በመምሪያ ወደ እርሱ ይመለሱ እንላለን። ትናንት ፊደሉ ለመኪናው ጥበት ሲል ተሸራርፏል፤ ዛሬ ግን ቦታ ጠበበ የሚል ምክንያት የለንም።